ሙት ወቃሽ ሳንሆን

በአገራችን ሰው ሲሞት ከፍ ይላል። ትናንት በሐሜት ስንቀጠቅጠው የነበረውን ጎረቤት ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ መቅረብ ሲጀምር ደግና ርኅሩኅ እናደርገዋለን። አንዳች ነገር ሊያነሳ የሚቃጣው ሰው ቢኖር እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ይጀምርና አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ዝም ይላል። ይህ ልማድ ክፉ ነው አንልም፤ ሐዘንተኛን ማክበር ነው፤ ወግ ነው። ግን አንዳንድ ሰው አለ፣ በእንዲህ ያለ ጨዋነት ከሸኘነው ሁለት ጊዜ የምንቀብረው፤ አንዴ በአፈር፣ አንዴ በሙገሳ።

እኛ እንዲህ ያለ አንድ ሰው እናውቃለን። ስማቸውን አንጽፍም፤ ሐዘኑ ከቤታቸው ገና አልወጣም፤ እርሳቸውም ስማቸው ሲጠራ ደስ የሚላቸው ሰው አልነበሩም። ቢሾፍቱ ውስጥ በሰፈራችን ሁሉም «ሻለቃ» ይላቸው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ «አባባ ሻለቃ»። የአየር ኃይል አብራሪ የነበሩ፣ የ5 ልጆች አባት፣ የብዙ ልጆች አያት ናቸው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ከመካከላችን አንዷ የልጅ ልጃቸው ናት፤ የቀረነው ሦስታችን ደግሞ በዚያው ሰፈር ያደግን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያቸው ዛፍ ጥላ ሥር ሒሳብና እንግሊዝኛ የተማርን ነን። ይህችን ጽሑፍ አራታችን ተቀምጠን፣ ተከራክረን፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ ነው ያዘጋጀናት።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከአምስቱ ደቂቃ አራቱ ስለ ኦጋዴን ጦርነት ነበር፤ ስለ 1969 እና 1970 ዓ.ም.። የቀረውን ዘመናቸውን፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ዋጠችው፤ «ከዚያም በተለያዩ የሥራ ኃላፊነቶች አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል»። ያቺን ዐረፍተ ነገር እዚህ ልንፈታት ነው የተነሳነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። አባባ ሻለቃ የገበሬ ልጅ ናቸው። በ1959 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው አየር ኃይል ሲመዘገቡ አባታቸው «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ምን ይታረሳል?» ብለው ጠየቋቸው። ይህን ሲያወሩልን እየሳቁ ነው፤ ምን ብለው እንደመለሱ ግን ነግረውን አያውቁም።

ያን ጊዜ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ትባል ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ያደራጁት ስዊድናውያን ነበሩ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ይኸ ሰውዬ በ1928ቱ ጦርነት ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ያመላለሰ፣ ኋላም ለኛ አብራሪዎችን ያሠለጠነ፣ በ1960ዎቹ ድርቅ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ለተራበ ሰው እህል የጣለ፣ በመጨረሻም በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ የሞተ ነው። አባባ ሻለቃ ሲገቡ የስዊድኖቹ ዘመን አልፎ የአሜሪካኖቹ ዘመን ሆኗል። ጀማሪ የሚማርባት ሳፊር ግን የስዊድን ሥራ ነበረች። እሷን ሳያንገጫግጭ ማሳረፍ የቻለ ወደ ቲ-28 ያልፋል፤ ከዚያ ጄት ወደሆነው ቲ-33፤ ከዚያም ዕድልና ችሎታ ካለው ወደ ኤፍ-5። እርሳቸው ኤፍ-5 ደረሱ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። የታሪክን ፌዝ ተመልከቱ። የሶማሊያን ሚግ-21 የሰጠች ሶቪየት ኅብረት ናት፤ የኛን ኤፍ-5 የሰጠች አሜሪካ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ኃያላን ቦታ ተቀያየሩ። ደርግ በሚያዝያ 1969 የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች አስወጣ፤ መለዋወጫው ደረቀ፤ ጠላትን ያስታጠቀችው ሞስኮ ወዳጅ ሆና መጣች። ያም ሆኖ ጥቂቶቹ ኤፍ-5ዎች ሰማዩን ያዙ። እንዴት ቻላችሁ ብለን ስንጠይቃቸው አባባ ሻለቃ ሳያመነቱ «መካኒክ» ይላሉ። «አብራሪውማ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጨበጨብለታል። ከአንዷ ፈቶ ለሌላዋ ሲገጥም የሚያድረው፣ እጁ ዘይት የጠጣ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ እሱ ነው። የሱ እጅ ቢስት እኮ እኔ ሥጋ ነኝ።»

ከጓዶቻቸው ስም ሲያነሱ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ጀኔራል ለገሰ ተፈራን ነበር። ለገሰ በዚያ ክረምት የጠላት አውሮፕላኖችን በአየር ላይ ጥለው፣ ኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማረኩና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ተመለሱ። አባባ ሻለቃ ይህን ሲያወሩ ስለ ተጣሉት አውሮፕላኖች አይደለም የሚያወሩት። «11 ዓመት!» ይላሉ፤ «11 ዓመት ቤቱ በሩን እያየ የተቀመጠ ሰው አለ።»

በዚያ ጦርነት ቤት የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደኖረ ያስረዱን ባለቤታቸው እማማ ናቸው። «የሰፈሩ ሴቶች በጆሮ ነበር የምንኖረው» አሏት አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን፤ እኛም እየሰማን። «ሲነሱ እንቆጥራለን፤ ሲገቡ እንቆጥራለን። አራት ወጥቶ ሦስት ከገባ፣ ማማሰያሽን እንደያዝሽ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ከዚያ የወታደር መኪና ይመጣል። መኪናው በርሽን አልፎ ሲሄድ ተመስገን ትያለሽ። ወዲያው ደግሞ ትደነግጫለሽ፤ የማን በር ላይ ሊቆም ነው ብለሽ።»

አንድ ቀን መኪናው እሳቸው በር ላይ ቆመ። «ሞተዋል» አልተባሉም፤ «ጠፍተዋል» ተባሉ። እማማ ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጃቸውን ነፍሰ ጡር ነበሩ። ሦስት ቀን እንዲያ ሆነው ሰነበቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ ሻለቃ አውሮፕላን ከመሬት በተተኮሰ ተመትታ በጃንጥላ ወርደዋል። ከጄት መውጣት እንደ ፊልሙ አይደለም። ወንበሩ ከሥሩ በሚፈነዳ ኃይል ነው ከነሰውዬው ወደ ላይ የሚወነጨፈው፤ ያ ግፊት የጀርባን አጥንት እርስ በርሱ ይጨፈልቀዋል። በዚያ ጀርባ እየተጎተቱ ሲሄዱ አንድ የሶማሌ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ አገኟቸው። በቋንቋ አልተግባቡም። ሽማግሌው የአብራሪውን ልብስ አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ዝም ብለው በእንጨት ዕቃ የግመል ወተት ሰጧቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ በጣታቸው የወገን ጦር ወዳለበት መንገድ አመለከቷቸውና ግመሎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ከዚያ ጦርነት ሁሉ ሳንለምናቸው የሚያወሩልን ይህንኑ ብቻ ነበር። ስንት ጣሉ? ስንት መቱ? አይመልሱም። የወተቱን ነገር ግን ሺህ ጊዜ ሰምተናል። «እኔ ከላይ ሆኜ የምደበድበው የሽማግሌውን አገር ነው» ይላሉ። «ለኔ የጦር ሜዳ ነው፤ ለሳቸው ግመል ውኃ የሚወርድበት መንገድ።» የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ እርሳቸው ሆስፒታል ተኝተው በሬዲዮ ነበር የሰሙት። ይኸም በሕይወት ታሪካቸው አልተነበበም።

ጀርባው ከዚያ ወዲያ ለተዋጊ ጄት አልሆነም። ድነው ሲነሱ ወደ ማጓጓዣ ተዛወሩ፤ አንቶኖቭ-12 የሚባለውን ባለ አራት ሞተር የሶቪየት ጭነት አውሮፕላን ማብረር ጀመሩ። ቤታቸውም ቤት የሆነው ያኔ ነው ይላሉ እማማ፤ ሰውየው ማታ ማታ መግባት ጀመሩ፤ ልጅ መቅጣት ጀመሩ፤ ሽሮው ጨው በዛበት ማለት ጀመሩ።

አብራሪ ከመነሳቱ በፊት ዝርዝር ያነባል። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው በዓይኑ አይቶ ይመልሳል። በቃሌ አውቀዋለሁ ማለት የለም፤ ሺህ ጊዜ የበረረውም ያነባል። አባባ ሻለቃ ይህን ልማድ ቤታቸው አስገቡት። ቤተሰቡ ለሠርግም ለለቅሶም ሲወጣ በር ላይ ቆመው ይጠራሉ። «ቡታጋዝ?» እማማ ከጓዳ «ጠፍቷል!» «ውኃ?» «ተዘግቷል!» «መስኮት?» «ተዘግቷል!» «ቁልፍ?» «ይዣለሁ!» መጨረሻ ላይ «ልጆች?» እማማ አንድ በአንድ ዞር ብለው አይተው «ሁሉም አሉ!» ልጆቹ አድገው፣ ተድረው፣ ገሚሶቹ ባሕር ማዶ ሄደው ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ሲቀሩ እንኳ «ልጆች?» ማለታቸውን አልተዉም። እኛ እንስቅ ነበር። እማማ ግን አንድም ቀን ሳይስቁ ይመልሳሉ።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጀኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጀኔራል አምሃ ደስታ ሞቱ፤ በዓመቱ ደግሞ የታሰሩት ጀኔራሎች ተረሸኑ። እማማ እንደገና የመኪና ድምፅ ማዳመጥ ጀመሩ። ያሁኑ መኪና ግን የጠላት ዜና የሚያመጣ ሳይሆን የወገን አሳሪ ነበር። አባባ ሻለቃን አልነኳቸውም፤ ከጓዶቻቸው ግን ስንት ወንበር ባዶ ቀረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። ጥቂት ወራት በተሀድሶ ካምፕ ቆይተው በ43 ዓመታቸው ቤት ገቡ፤ 5 ልጆች፣ የታመመ ጀርባ፣ አንድ ሻንጣ። የጡረታቸው ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ዓመታት ፈጀ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዶሮ አረቡ። ቢሾፍቱ እንደምታውቁት የዶሮ ከተማ ናት። የሰፈሩ ቀልደኛ «ሻለቃ እኮ ሥራ አልቀየሩም፤ አሁንም ባለ ክንፍ ነው የሚያዝዙት፤ ልዩነቱ እነዚህ አለመብረራቸው ነው» ሲል እርሳቸው ከሁሉ በላይ ይስቁ ነበር። የዕንቁላሉን ቁጥር የሚመዘግቡት በበረራ መዝገብ አሠራር ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ብዛት፣ ፊርማ። 5ቱም ልጆች በዚያ ዕንቁላል ተማሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከቀድሞዎቹ አብራሪዎች የተጠሩ ነበሩ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በዚያ ዓመት አሥመራ ላይ በሕይወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲማረኩ አባባ ሻለቃ ወሬውን የሰሙት መኖ እየበተኑ ነው። እማማ እንደሚሉት ባሉበት ቁጭ አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ተነሱና የቀረውን በትነው ጨረሱ።

እኛ የደረስነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በቅዳሜው ትምህርት። ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ሰሌዳቸው ነበር፤ ጀርባቸውን ለስላሳ ወንበር ስለማይችለው ጠንካራ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ዘግይቶ የመጣ ግን የዶሮ ቤት ይጠርጋል። ፊዚክስ የገባን እዚያ ነው። «ለምንድነው ከባድ ጭነት የያዘ አውሮፕላን ጧት በማለዳ የሚነሳው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለመንገደኛው ምቾት» ይላል አንዱ። «አይደለም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ብለን ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይባስ ይሳሳል። ክንፍ የሚሸከመው አየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ብዙ መንደርደር አለብህ፤ ሜዳው ግን አይረዝምልህም። በማለዳ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ይሸከምሃል። ከባድ ነገር ያለበት ሰው በማለዳ ይነሳ!» እስከ ዛሬ ፈተና ሲደርስብን በአሥር ሰዓት ሌሊት የምንነሳው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችንን ወደ ቢሾፍቱ ይዘነው ሄድን። ልጁ የትግራይ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት ከተፈረመ ገና ስድስት ወር አልሞላውም፤ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ከተገናኘም ብዙ አልቆየም። ለበዓል መሄጃ አልነበረውም። የበዓሉን ምሳ በልተን ቡና እየተፈላ ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወጣትነት ፎቶግራፋቸውን፣ ኤፍ-5ቷ ሥር የቆሙበትን፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም፦

«አባባ፣ ወደኛ በኩል በረው ያውቃሉ?» አለ።

ዝም አልን። እማማ ጀበናውን ከእሳት አወጡ።

«አንተ የት ነህ ልጄ?» አሉ።

«ሐውዜን አጠገብ።»

ሐውዜን ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ገበያ ቀን፣ የመንግሥት አውሮፕላኖች ገበያውን ደበደቡት። እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሕዝብ አለቀ።

አባባ ሻለቃ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «በርሬያለሁ» አሉ። «በዚያ ቀን አይደለም። ያን ጊዜ ተዋጊ ላይ አልነበርኩም። ግን ይኼን ጽድቅ አድርገህ እንዳትቆጥርልኝ። ያተረፈኝ ጀርባዬ ነው። ጀርባዬ ደህና ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ለኔም ሊደርስ ይችል ነበር። ምን አደርግ ነበር? አላውቅም። እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር የሚልህ ሰው ታዞ የማያውቅ ነው።»

ጓደኛችን አልተናገረም። እርሳቸው ቀጠሉ።

«በ1977 ግን በርሬያለሁ። ረሃቡ ጊዜ። በማለዳ እህል ጭነን መቀሌ እንገባለን። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የበረርኩት ያንን ነው፤ ቦምብ ሳይሆን ስንዴ ይዤ መጣሁ ብዬ። ባዶውን ግን አንመለስም። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎች ይጫናሉ። ወንበር የለም፤ እንደ ጆንያው ነው የሚጫኑት። የአንቶኖቩ የጭነት ክፍል የአየር ግፊት አይጠበቅለትም፤ እኛ ፊት ያለነው ኦክስጅን አለን፤ እነሱ የላቸውም። ወደው ነው የሚሄዱት ተብያለሁ። እኔም ልጠይቅ አልፈለግኩም። አንድ ቀን ሞተር አስነስተን ዝርዝሩን ጨርሰን ልንንቀሳቀስ ስንል ጫኙ በማዳመጫው ‹አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ አንድ ልጄ ውጭ ቀርቷል ትላለች› አለኝ። በሩን ክፈቱ ማለት እችል ነበር። ሰዓት ረፍዷል፣ አየሩ እየሞቀ ነው፣ ጭነቱ ከባድ ነው። ‹ተዘግቷል?› አልኩት። ‹ተዘግቷል› አለኝ። ተነሳሁ።»

ይህንን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። በሰሌዳው ላይ ፊዚክስ እንደሚያስረዱ ሆነው ነው የነገሩት። ከነገሩትም በኋላ «አልቅሼ ነበር»፣ «ተጸጽቼ ነበር» ብለው ማጣፈጫ አልጨመሩበትም። እማማ ብቻ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ በዝግታ «‹ልጆች?› የሚለውን ያኔ ነው የጨመሩት» አሉ። የልጅ ልጃቸው፣ የኛዋ፣ ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች።

ማታ በሚኒባስ ስንመለስ ጓደኛችን ቃሊቲ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ይቅር አላልኳቸውም፤ ይቅር የምል እኔ አይደለሁም፤ ያች ሴትዮ ናት። ግን ይኼን ጥያቄ የጠየቅሁት ብዙ ሰው ነው። የመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ከአርባቸው በኋላ እማማ ሻንጣውን ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ሁለት የበረራ መዝገብ ነበረበት። የበረራ መዝገብ አይታችሁ እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተሰመረ ነው፤ ቀን፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓት። ምን እንደተጫነ፣ ማን ላይ እንደተጣለ፣ ለማን እንደተደረሰ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። የኦጋዴኑ ገጽ ንጹሕ ነው፤ ከሰዓት በቀር ምንም የለበትም። የ1977ቱ ገጾች ላይ ግን ከመስመሩ ውጭ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ ተጽፎበታል፤ ስንዴ፣ ሰው። ስንዴ፣ ሰው። ስንዴ፣ ሰው። ከአንደኛው «ሰው» ጎን ሦስት ቃላት አሉ፤ «አንድ ልጅ ቀረ»።

እዚህ ላይ ነው እኛ አራታችን የተጣላነው። ከመካከላችን አንዱ ይህ ከቤተሰብ አይውጣ አለ፤ ሰው በለጋስነቱ ይታወስ፤ ያስተማረን፣ ያሳደገን፣ አገር ያዳነ ሰው ነው፤ ሙት ወቃሽ አንሁን አለ። ንግግሩ እውነት ነበረው። ሌላው ደግሞ ሐውዜን ያለችውን እናት፣ መቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር የቀረውን ልጅ ማን ያስታውስላቸው አለ። ይኸም እውነት ነው። የቆረጠችው የልጅ ልጃቸው ናት። «አያቴ አልደበቁትም እኮ» አለች። «በእጃቸው ጽፈውታል፤ በአፋቸው ተናግረውታል። የምንደብቀው እኛ ከሆንን ከሳቸው አንሰናል ማለት ነው።»

ስለዚህ ጻፍነው። ስንጽፈው ደግሞ አንድ ነገር ታየን። በድንኳኑ የተወደሰው ሰውዬ፣ የ29 ዓመቱ ተዋጊ፣ ጀግና ነው፤ አንክድም፤ በዚያ ክረምት እንደሳቸው ያሉት ባይወጡ ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር እናውቃለን። ነገር ግን የ29 ዓመቱ ተዋጊ ትእዛዝ ተቀብሎ የወጣ ነው፤ ብዙ ወጣት ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አርባ ስድስት ዓመት ማንም አላዘዛቸውም። በ43 ዓመቱ ማዕረጉን ተነጥቆ ዶሮ ቤት የገባ፣ ሳይሰክር፣ ሚስቱን ሳይመታ፣ ልጆቹን ሳያማርር 5 ልጅ ያሳደገ ሰው በአገራችን ሐውልት አይሠራለትም። የሰውን ልጅ በነፃ ሲያስተምር የኖረም እንደዚያው። በራሱ ሳሎን፣ በፋሲካ ቀን፣ ቤተሰቡ ፊት፣ የልጅ ልጁ ዕኩያ ለሆነ እንግዳ «በሩን ክፈቱ ማለት እችል ነበር» ብሎ የመለሰ ደግሞ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

በርሬያለሁ ማለት ከመብረር ይከብዳል። ይህን የምንለው የቀድሞውን ትውልድ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛም በ2013 እና በ2015 መካከል ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተዘፈነ፣ ማን እንደጮኸና ማን ዝም እንዳለ የምናውቅ ትውልድ ነን። ነገ የሚጠይቀን ይመጣል። የኛ መዝገብም እንደዚያኛው ዓምዱ ጎደሎ ነው።

የዚህች መጽሔት አንባቢ ተማሪዎች ሆይ፣ በየሰፈራችሁ አንድ አባባ ሻለቃ ይኖራል። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ልጅ ሲያልፍ «ትምህርት እንዴት ነው?» የሚል ሽማግሌ፤ አብራሪ የነበረ፣ መድፈኛ የነበረ፣ ካድሬ የነበረ፣ ታጋይ የነበረ፣ እስረኛ የነበረ። የእረፍት ጊዜያችሁ ሲደርስ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። የጀግንነቱን ወሬ ስሙ፤ ደስ ይላል። ከዚያ ግን ሌላውንም ጠይቁ፤ በአክብሮት፣ ቡናው ሳይበርድ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ርዕስ ይለውጣል። አንዱ ግን ሲኒውን አስቀምጦ ይመልስላችኋል። ያን ጊዜ አታቋርጡት፤ ቤታችሁ ስትገቡም ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉት።

እማማ ደህና ናቸው። ዶሮዎቹን ቀንሰዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የሰፈሩ ልጆች አሁንም ይመጣሉ። የምታስተምራቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ በየሳምንቱ ካልሆነ በየሁለት ሳምንቱ። የዘገየ የዶሮ ቤት ይጠርጋል።